ድኩላዋ የት ትደበቅ?

ይህ ጅማ ከተማ ላይ የደን ማህበር አባላት፣ አርሶ አደሮችና ተማሪዎች በተሰበሰቡበት ያደረግኩት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂ ገልብጬ ነው የጻፍኩት። የደጋገምኩትንም እንዳለ ትቼዋለሁ።

አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። አካም ጅርቱ?

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ከጌራና ከሸቤ በሌሊት ተነስታችሁ የመጣችሁ የደን ማህበር አባላት፣ ከኋላ ቆማችሁ የምታዳምጡ ተማሪዎች፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወንበር ስላልበቃ ይቅርታ። እዚህ ፊት ለፊት ሁለት ባዶ ቦታ አለ፤ ኑ፣ ተቀመጡ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ድሮን ነው። ቃሉን ስጠራ የአንዳንዶቻችሁ ፊት ሲለወጥ አያለሁ። ይገባኛል። እኔ የማነሳው ግን ስለ ጦርነቱ አይደለም። ሰርግ ላይ ከራሳችን በላይ እያንዣበበ ቪዲዮ ስለሚቀርጸው ስለ ትንሹ ነው። ያ ትንሹ ዕቃ ለአደን ቢውልስ? ይፈቀዳል ወይ? ቢፈቀድስ ተገቢ ነው ወይ?

ሦስት ነገር አነሳለሁ። መጀመሪያ፣ ድሮን ከዱር እንስሳው ምን እንደሚወስድበት። ቀጥሎ ሕጉን። መጨረሻ ላይ በቆሎውን። ሻይ እየጠጣን ሳለ ከሸቤ የመጡ አንድ አባት ያዙኝና "ልጄ፣ ስለ እንስሳው ስታወራ የእኔን በቆሎ እንዳትረሳ" አሉኝ። አልረሳም አባቴ።

ወደ መጀመሪያው ልግባ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። እንስሳ ለመቁጠር በለጠ ደን ጫፍ ላይ አድረናል። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን አምስት ሆነን ያንን ዳገት በእግራችን አስሰነዋል። ኮቴ አየን። በጠጥ አየን። አንድም እንስሳ ግን በዓይናችን አላየንም። ቀስ ብለን ነው የሄድነው፣ አላወራንም፣ አላጨስንም። ምንም የለም።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ባለሙያው ድሮኑን አስነሳው። የሙቀት ካሜራ የተገጠመለት ነው። ይህ ካሜራ ብርሃን አይፈልግም፤ የሚያየው የገላን ሙቀት ነው። ከንጋት በፊት ደግሞ መሬቱ ስለሚቀዘቅዝ ሞቃት ገላ ያለው ሁሉ ፍንትው ብሎ ይወጣል። ስክሪኑን ከበን ቆምን። መሬቱ ጥቁር ነው። ከመንደሩ በኩል የታሰሩ ላሞች ነጭ ሆነው ይታያሉ። አንድ ቤት ውስጥ እሳት ተያይዟል መሰለኝ፣ ክዳኑ ነጣ ብሏል።

ከዚያ ድሮኑ ወደ ዳገቱ ዞረ። ሣሩ ውስጥ አንዲት ረዘም ያለች ነጭ ነገር ታየች። ዝቅ አደረገው። ድኩላ ናት፤ እግሯን አጥፋ ተኝታለች። ከእሷ ሠላሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ደግሞ አንድ ትንሽ ነጥብ አለ። እፍኝ የምታህል። ግልገሏ ናት።

እዚህ ላይ ልቁም። ድኩላ ግልገሏን አጠገቧ አታስተኛም። ለብቻ ደብቃ አስተኝታ እሷ ራቅ ትላለች፣ ለማጥባት ብቻ ትመለሳለች። ለምን? ነብርና ጅብ የእሷን ሽታ ተከትለው ቢመጡ እንኳ ልጇን እንዳያገኙ ነው። ግልገሉም ቅጠል ሳይነቀንቅ ዝም ብሎ ይተኛል። ይህ የእናት ብልሃት ስንት ሺህ ዓመት ሠርቷል? ነብርን አታሏል፣ ጅብን አታሏል፣ እኛን አምስታችንንም በዚያ በበፊቱ ቀን አታሎናል። ድሮኑ ግን እናትየውንም ልጅየውንም ለማግኘት አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።

አጠገቤ የነበረ ወጣት ቀስ ብሎ "በዚህ እኮ አንድም አያመልጥም" አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። ገርሞት ነው። እኔ ግን ያንን ቃል ይዤ ነው እስከ ዛሬ የምዞረው። አንድም አያመልጥም።

ወገኖቼ፣ የዱር እንስሳ ክላሽ የለው፣ አጥር የለው፣ ፖሊስ የለው። ያለው ሦስት ነገር ነው። አፍንጫና ጆሮው አለ። ቁጥቋጦው አለ። ጨለማው አለ። አዳኝ ነፋሱን ተሳስቶ ከመጣ ይሸተዋል፣ ቅጠል ከረገጠ ይሰማዋል። ቁጥቋጦ ውስጥ ከገባ አይታይም። ሲመሽ ደግሞ አገሩ የእሱ ነው። ድሮን እነዚህን ሦስቱንም ይወስዳል። ከላይ ስለሚመጣ ሽታ የለውም። ጨለማው አያግደውም። ቁጥቋጦውም፣ ደኑ ጥቅጥቅ ካላለ በቀር፣ አይከልልም። የሙቀት ካሜራ ቅጠል አልፎ አያይም፤ በደንብ በተሸፈነ የቡና ደን ውስጥ ብዙ ይስታል። ስለዚህ ደኑ በሳሳ ቁጥር የእንስሳው መደበቂያ እየጠፋ ይሄዳል። እስቲ አስቡት፤ ዛፉን እኛ ቆረጥንበት፣ አሁን ደግሞ ጨለማውን ልንወስድበት ነው።

አባቴ አዳኝ ነበር። ያ ዘመን ሌላ ነበር፣ ዛሬ ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። ይህን ያነሳሁት ላወድሰው ብዬ አይደለም። አንድ ነገር ላሳያችሁ ነው። አንድ ቀን፣ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ይዞኝ ወጣ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ እስከ ረፋድ ድረስ ተጓዝን። ቶሎ ቶሎ አፈር ዘግኖ ይበትናል፤ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ለማየት ነው። ምንሽሩን አውርዶ በደረቱ ተሳበ፣ እኔም ከኋላው ተሳብኩ። አንዲት ድኩላ ውኃ ዳር ቆማለች። አነጣጠረ። በዚያች ቅጽበት ነፋሱ ዞረ። ማጅራቴ ላይ ቀዝቀዝ ሲለኝ አሁንም ድረስ ይታወሰኛል። ድኩላዋ ቀና አለች፣ አንዴ እንደ ውሻ ጮኸች፣ ጠፋች።

አለቀስኩ። ያን ሁሉ ተስበን! አባቴ ግን አልተናደደም። የሱሪውን ጭቃ እያራገፈ "ዛሬ የእሷ ቀን ነው" አለኝ። በቃ። ወደ ቤት ሄድን፣ እናቴ ሽሮ ሠራችልን።

የእሷ ቀን። አደን ማለት እንግዲህ ይህ ነው። እሷም የምታሸንፍበት ቀን ሲኖር ነው። የእሷ ቀን ከሌለ አደን አይባልም፣ ከጋጣ አውጥቶ ማረድ ነው። እንዲያውም ከማረድ ይብሳል፤ በሬውን እኮ አብልተን አጠጥተን አሳድገነዋል።

ይህ የእኔ ወይም የአባቴ ሐሳብ ብቻ አይደለም። ቴዎዶር ሩዝቬልት የሚባል የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበር። ለእንስሳ የሚራራ ሰው ነበር እንዳትሉ፤ በፈረንጆቹ 1909 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥቶ ከልጁ ጋር ከ500 በላይ ትልልቅ እንስሳት ገድሏል። እኔ ይህን ስሰማ ያመኛል። ግን እሱ እንኳ፣ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ከመምጣቱ በፊት፣ በ1902 ሚሲሲፒ ውስጥ አደን ላይ እያለ መሪዎቹ አንድ ድብ ይዘው ከዛፍ ጋር አሰሩና "ተኩስ" አሉት። አልተኩስም አለ። የታሰረ እንስሳ መግደል ነውር ነው አለ። ልጆቻችን አቅፈው የሚተኙት ቴዲ ቤር የሚባለው የድብ አሻንጉሊት ስሙን ያገኘው ከዚያ ቀን ነው። ቴዲ የቴዎዶር ማቆላመጫ ነው። እሱ በ1887 ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው ቡንና ክሮኬት የሚባል የአዳኞች ክበብ ዛሬም አለ፣ መርሁም ፍትሃዊ አደን ነው። ይህ ክበብ በ2014 በድሮን ታግዞ የተገደለ እንስሳ መዝገቤ ላይ አይሰፍርም ብሎ ወሰነ።

ልብ በሉ። ይህን ያሉት የአደን ተቃዋሚዎች አይደሉም። አዳኞቹ ራሳቸው ናቸው። እኛስ አገር? ድሮ አዳኝ ግዳይ ጥሎ ሲመለስ ይፎክር ነበር። ድፍረቱን፣ ትዕግሥቱን፣ ዓይኑን ነው የሚያወድሰው። በስክሪን አይቶ፣ የቆመችበትን በቁጥር አውቆ፣ ሄዶ የተኮሰ ሰው ምን ብሎ ይፎክር? ከፊት ያላችሁት ሐጂዎች ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ፤ ኢሕራም ላይ ያለ ሰው የየብስ አውሬ ማደን አይፈቀድለትም። እንስሳው እጁ ስር ቢቆም እንኳ ይታቀባል። መቻልና መፈቀድ አንድ እንዳልሆነ አባቶቻችን ያውቁ ነበር።

አንዳንዱ ሰው ደግሞ "እኔ አልገድልም፣ አይቼ ብቻ እመለሳለሁ" ይላል። ማየትም እኮ ይጎዳል። በ2015 በወጣ አንድ ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ፣ ሚኒሶታ ላይ፣ ተመራማሪዎች በዱር ድቦች ገላ ላይ የልብ ምት መለኪያ ገጥመው ድሮን አበረሩባቸው። ድቦቹ አብዛኛውን ጊዜ አልሸሹም። ቆመዋል፣ ወይም ተኝተዋል። ከሩቅ ያየ ሰው ምንም አልሆኑም ይላል። የአንዷ ልብ ግን ድሮኑ ከመምጣቱ በፊት ከነበረው በደቂቃ 123 ምት ጨምሮ ተገኘ። አያችሁ? ዝም ያለ ሁሉ አልተጎዳም ማለት አይደለም። ያቺ በለጠ ላይ ያየናት ድኩላም አልተነሳችም ነበር። "አልረበሽናትም" ብለን ነው የጻፍነው። አሁን ሳስበው፣ ልቧን ማን ሰማው?

ወፎችም አሉ። በ2021 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቦልሳ ቺካ በሚባል ረግረግ አንድ ድሮን ወፎች እንቁላል የታቀፉበት ቦታ ላይ ወደቀ። ሦስት ሺህ የሚሆኑ ወፎች ተነስተው ሄዱ፤ አልተመለሱም። ከ1,500 በላይ እንቁላል ሜዳ ላይ ቀረ። እኛም እኮ ቦዬ የሚባል ረግረግ አለን፣ ከተማችን ጫፍ ላይ። አክሊል ያላቸው እነዚያ ረጃጅም ወፎች፣ ጉማሬዎቹ፣ ሁሉም ዓይናችን ስር ናቸው። ልጆች፣ ቦዬ ላይ ድሮን አታብርሩ። እለምናችኋለሁ። ለሰርግ ቪዲዮም ቢሆን።

ሁለተኛው ነጥብ ሕጉ ነው። ይህ አጭር ነው።

ሁለት በር አስቡ። አንደኛው በር የእንስሳው ነው። በ1999 ዓ.ም. የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ወጣ፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ደንብ ቁጥር 163 ወጣ። በኢትዮጵያ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ አይታደንም። ድሮን ያዝክ፣ ጦር ያዝክ፣ ወጥመድ አጠመድክ፣ ያው ነው። ሕጋዊ አደን የለም እያልኩ አይደለም። አርሲና ባሌ ላይ፣ ከአገራችን ውጭ የትም የማይገኘውን የደጋ አጋዘን ሳይቀር፣ በፈቃድና በቁጥር ተወስኖ የሚያድኑ የውጭ ሰዎች አሉ። እዚያም ቢሆን ጥያቄዬ ያው ነው፤ ከላይ እያዩ ቀንዱ የረዘመውን መርጦ መሄድ ምኑ አደን ነው?

ሁለተኛው በር የድሮኑ ነው። ድሮን ወደ አገር ለማስገባት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ለማብረርም ፈቃድ ያስፈልጋል። ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞልህ ሲመጣ ቦሌ ላይ የሚወሰደው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ያለ ፈቃድ ድሮን አስነስቶ ያለ ፈቃድ የሚያድን ሰው ሁለቱንም በር ሰብሮ ገባ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ጎደለ? አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አላስካ ትባላለች፣ የአሜሪካ ግዛት ናት፣ አዳኝ የሞላባት። እዚያ ከድሮ ጀምሮ ጥሩ ሕግ አለ። በትንሽ አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው በዚያው ቀን አያድንም፤ እስከ ማግስቱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መጠበቅ አለበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከላይ አይቶ ወርዶ እንዳይተኩስ። በፈረንጆቹ 2012 ግን አንድ ሰው በድሮን ታግዞ አንድ ትልቅ አጋዘን ገደለ። ጠባቂዎቹ ሰሙ። ሊከሱት ሲሉ ሕጉ ውስጥ ድሮን የሚል ቃል አጡ። ሰውየው በነፃ ሄደ። ክልከላው የመጣው በ2014 ነው። በዚያው ዓመት ኮሎራዶም ከለከለች።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ነውር ነው ብሎ ማመን ብቻውን አይበቃም። መጻፍ አለበት። እዚህ ያላችሁ የዋቡብ አባላት፣ የየመንደሩ የደን አስተዳደር ማህበር ሰዎች፣ ስንት ዓመት ደን ጠብቃችኋል? መተዳደሪያ ደንብ አላችሁ። ዛፍ የቆረጠ ምን እንደሚደረግ ተጽፏል። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት። "በማህበሩ ደን ውስጥ የዱር እንስሳ ለመፈለግ፣ ለማባረር ወይም ለመግደል ድሮን መጠቀም ክልክል ነው፤ ከወረዳው ጋር በጽሑፍ የተስማማንበት የጥበቃ ሥራ ሲሆን ብቻ ይፈቀዳል።" በቃ፣ ይህችን። በኦሮምኛም በአማርኛም ጻፉት። ይህ ነገር መንደራችን ሳይገባ ጻፉት። አንድ ሰው ካደረገው በኋላ ከሆነ የዘመድ ጉዳይ ይሆናል፣ ሽማግሌ ይመጣል፣ "ለዛሬ ይቅር" ይባላል።

አሁን ወደ በቆሎው።

አባቴ፣ ከሸቤ የመጡት፣ እውነትዎን ነው። እኔ ከተማ ተቀምጬ ስለ ድኩላ ሳዝን እርስዎ ማማ ላይ ነው የሚያድሩት። ማማ ላይ አድሬ አውቃለሁ። በልጅነቴ፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር። እግር ስር ብርዱ፣ ወገብ ላይ እንጨቱ። ቆርቆሮ እንመታለን፣ በወንጭፍ እንወረውራለን። ትንሽ ዓይናችንን ስንከድን ከርከሮው ገብቶ ይገኛል። ጠዋት ስናይ አገዳው ተጋድሞ፣ ግማሹ በቆሎ ሳይበላ ተረግጦ ነው። እናቴ የተሰበረውን እየለቀመች ምንም አትናገርም ነበር። ያ ዝምታዋ ከጩኸት ይከብድ ነበር። ቀን ደግሞ ዝንጀሮና ጦጣ አለ፤ በዚህ ምክንያት ስንት ልጅ ከትምህርት ቀርቷል? ስለዚህ "እንስሳው ይኑር" ብሎ ለገበሬው ብቻ መተው ግፍ ነው። ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምለው።

ግን "ድሮን ገዝተን ከርከሮውን እንፍጀው" ለሚሉ ወጣቶች መልስ አለኝ። ስክሪኑ ላይ ነጭ ነጥብ እንጂ ስም አይታይም። በለጠ ላይ ባለሙያው፣ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው፣ አንዱን ነጥብ መጀመሪያ ከርከሮ ነው ብሎ ነበር። ዝቅ ሲል ሰው ሆኖ ተገኘ። ማገዶ ለመልቀም በሌሊት የወጣች ሴት ነበረች። ጎንበስ ብላለች። እስቲ አስቡት፣ በዚያ ሰዓት ጠመንጃ የያዘ ሰው ከታች ቢኖርስ? ሁላችንም ዝም አልን። ባለሙያው መቆጣጠሪያውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ሄዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ድሮን ለገበሬው ምንም አይጠቅምም አልልም። ይጠቅማል። ታንዛኒያ ውስጥ ዝሆን ማሳ ሲገባ ጠባቂዎች ድሮን ያስነሳሉ። ዝሆን ያንን የንብ መንጋ የሚመስል ድምፅ አይወደውም፤ ወደ ፓርኩ ይመለሳል። ማንም አልሞተ፣ ማሳውም ተረፈ። ጀርመን አገር ደግሞ ገበሬው ሣር በማሽን ከማጨዱ በፊት፣ ጎህ ሲቀድ፣ የሙቀት ካሜራ ያለው ድሮን ያበራሉ። ሣር ውስጥ ተደብቀው የተኙ የአጋዘን ግልገሎች አሉ፤ ማሽኑ ሲመጣ አይሸሹም፣ ዝም ብለው ይተኛሉ፣ ይቆረጣሉ። በድሮኑ ያገኟቸውና በሣር ይዘው፣ እጃቸው ሳይነካቸው፣ ወደ ዳር ያወጧቸዋል። ያው ካሜራ ነው። ያቺን የድኩላ ልጅ ያየንበት ዓይነት ካሜራ።

የቆሰለ እንስሳ መፈለግስ? ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚፈቅዱም የሚከለክሉም ግዛቶች አሉ። ቆስሎ ሦስት ቀን ተሰቃይቶ ከሚሞት በድሮን ተፈልጎ ቢገኝ ይሻላል የሚለው ክርክር ልቤን ይነካዋል። ፈራሁ እንጂ። "የቆሰለ ነው የምፈልገው" የሚል ሰው ያልቆሰለውንም እያየ ነው። እኔ ብጠየቅ፣ መቆጣጠሪያው በጠባቂ እጅ ከሆነ እሺ እላለሁ፣ በአዳኙ እጅ ከሆነ ግን አይሆንም።

እና አባቴ፣ የምለምንዎት ይህን ነው። ከከርከሮው ጋር ያለውን ጉዳይ ብቻዎን አይያዙት። ማህበራችሁ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክት፤ ስንት ማሳ፣ ስንት ሌሊት፣ ምን ያህል በቆሎ ጠፋ ብላችሁ ቆጥራችሁ ጻፉ። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምትማሩ ልጆች ደግሞ፣ እጃችሁን አንሱ እስቲ፣ ስንት ናችሁ? ብዙ ናችሁ። ድሮን ማብረር የምትችሉ አላችሁ። ፈቃዱን አስጨርሳችሁ፣ ከእኚህ አባት ጋር ሄዳችሁ አንድ የበቆሎ ወቅት ማማው ላይ እደሩ። ማባረር ይቻል እንደሆነ ሞክሩ። መብራት፣ ድምፅ፣ የምትችሉትን ሁሉ። እኔም አብሬያችሁ አድራለሁ፤ ቃሌ ነው።

በበኩሌ የያዝኩት ይህን ነበር። ያቺ የደንብ ዓረፍተ ነገር በወረቀት ተባዝታ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለች፤ ስትወጡ ያዙ። አሁን ጥያቄ እንቀበል። ማይኩን እባካችሁ ወደ መሐል አሳልፉት። የመጀመሪያው ዕድል ከሸቤ ለመጡት አባት ነው። አባቴ፣ አይነሱ፣ እዚያው ተቀምጠው ይናገሩ።